የፔጆው ጥቁር መስታወት

የአምቦው ጨርቅ ነጋዴ ፈዲሉ፣ ሚስቱን ሹኩሪያን ፀሐይ እንዳያቃጥልበት ብሎ የፔጆውን መስታወቶች ጥቁር ላስቲክ አስለጠፈባቸው። የለጠፈለት ሰው፣ «እስኪደርቅ መስታወቱን አታውርድ፤ ስታጸዳውም በለስላሳ ጨርቅ ይሁን» አለው። ፈዲሉም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ጀመር።

ቅዳሜ ከቀበሌ ስብሰባ በፊት ሊመለሱ ቸኩለው ጌዶ ገበያ ሄዱ። ሹኩሪያ ቅቤ ልትገዛ ወረደች፤ እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ በመስታወቱ ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ሚስቱ ከአንድ ሰው ጋር እየሳቀች ትመጣለች። ሰውየው የለበሰው እሱ ራሱ አሁን ለብሶት የተቀመጠውን ኮት ነው። ፊቱም የፈዲሉ ፊት ነበር።

«ኦቦ ፈዲሉ፣ አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው ቅቤ ሻጯ፣ ሰውየውን።

«አልሐምዱሊላህ» አላት።

ፈዲሉ በሩን ቢገፋው እንቢ አለው። መስታወቱን ሊያወርድ ቢሞክር እጀታው በከንቱ ይሽከረከራል። «ሹኩሪያ! ሹኩሪያ!» እያለ መስታወቱን በሁለት እጁ ደበደበው።

ሰውየው ጎንበስ አለና በጥቁሩ መስታወት መልኩን እያየ ቆቡን አስተካከለ።

ሹኩሪያ ቆም ብላ አዳመጠች። «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«ማን ይኖራል ብለሽ ነው?» አላት፣ በፈዲሉ ድምፅ።