ከቀይ ጃንጥላው ኋላ

ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የቀጠረቻትን ማዳሟን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች፣ የሽርሽር መርከቡ በቆመበት ወደብ ሁሉ ከጎብኚዎቹ ጋር ትወርዳለች። አስጎብኚዋ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ስለ ካቴድራል ስታወራ የእሷ ዓይን መንገደኛው ላይ ነው። ከሊቢያ በጀልባ ተነስቶ ድምፁ የጠፋውን የልጇን ፎቶ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣለች። ማርሴይ ላይም ጄኖቫ ላይም አየሁት የሚል አልተገኘም።

የመጨረሻው ወደብ ሲሲሊ ላይ ነው። ዓሣ ተራው ጋ በረዶ የሚያወርድ ያገሯን ሰው ስታይ ማዳሟን ጥላ ሮጠች።

"በእናትህ ወንድሜ፣ ይሄን ልጅ ታውቀዋለህ?"

ሰውየው ፎቶውን አየና መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠው። በረዶውን መዛቅ ጀመረ።

"እናቱ ነሽ?"

"እናቱ ነኝ! ታውቀዋለህ ማለት ነው?"

"አገር ቤት መቼ ትገቢያለሽ?"

"ልጄ የት ነው ያለው?"

ቀና ሳይል፣ "እዚህ ዘመድ አዝማድ... አብሮሽ ያለ ሰው አለሽ?" አላት።

በአገሯ ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ከቀይ ጃንጥላው ኋላ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ የሚመጡትን፣ ስሟን እንኳ የማያውቁትን ቱሪስቶች በእጇ አሳየችው።

"አለኝ። ያውልህ፣ ሁሉም የኔ ሰዎች ናቸው። ንገረኝ።"