ልጅ ያለበት ሰፈር

በሦስተኛውም ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች ገመድ እየዘለሉ ነበር።

«አየሽ እህቴ!» አለ ደላላው፣ የቁልፉን ዘለላ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። «አልነገርኩሽም? እዚህ ሰፈር ልጅ እንደ አሸዋ ነው።»

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ካፏ ቃል ከወጣ ዘጠኝ ቀን ሆኗል። እናቷ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ሥራ ማግኘቷን የነገረቻት ዕለት፣ «ልጅ የሌለበት ሰፈር ከወሰድሽኝ መቼም አላናግርሽም» ብላ ማለች። ዝምታውን ግን ቤት እስኪገኝ አልጠበቀችም፤ እንደ ቀብድ አስቀድማ ጀመረችው። ሥራው በሳምንቱ ይጀምራል። የመመለሻ አውቶቡሳቸው ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

«ልጆቹ ምነው እንዲህ አለከለኩ?» አለች እናትየው።

«ገመድ ነዋ! ገመድ መዝለል ቀላል ይመስልሻል?»

«ስንገባ እኮ ገና መጀመራቸው ነበር።»

ደላላው ይህን አልሰማም። ስለ ውሃው መናገር ጀምሮ ነበር፤ ውሃው በሳምንት ሰባት ቀን ይመጣል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጣል።

ትልቋ ልጅ ገመዱን ታዞራለች፣ ትንሿ ትዘላለች። ሦስተኛ ሰው ስለሌላቸው ሌላውን ጫፍ የግቢው ቧንቧ ላይ አስረውታል። በመጀመሪያው ቤት የአጥሩ እንጨት ላይ፣ በሁለተኛው የበሩ እጀታ ላይ ታስሮ እናትየው አይታለች፤ የትም ያለ ልጅ እንዲህ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን ግን ዓይኗ የትልቋ ልጅ ክርን ላይ አረፈ።

እናትየው ራጅ አንሺ ናት። ለአሥራ አንድ ዓመት በቀን ሠላሳ አርባ ሰው አጥንት ስታይ ኖራለች። ፊት ቶሎ ይጠፋታል፤ ከጎረቤቷ ጋር በአንድ ታክሲ ተሳፍራ ሰላም ሳትል ወርዳ ታውቃለች። አጥንት ግን አይጠፋትም። የትልቋ ልጅ ግራ ክርን ተሰብሮ ሲገጥም ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሏል። ይህን ክርን በመጀመሪያው ቤት ቀይ ካናቴራ ለብሶ አይታዋለች። በሁለተኛው ቤት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሶ ነበር። አሁን ደግሞ ቢጫ ለብሶ፣ ገመድ እያዞረ፣ አላውቅሽም ይላታል።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣» አለች። «ክንድሽን ዘርጊልኝ።»

ልጅቱ ዘረጋችላት። እናትየው በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። «መቼ ነው የወደቅሽው?»

«አምና። ከአጥር ላይ።»

«ሐኪም ቤት ሄድሽ?»

«አዎ፣ አባዬ ነው አዝሎ የወሰ...» ልጅቱ በሌላኛው እጇ አፏን ከደነች።

ደላላው ቀና ብሎ ጣሪያውን መመርመር ያዘ። «ይሄ ቆርቆሮ እንኳን ዝናብ ወሬ አያስገባም» አለ።

«ዛሬ አባዬ አይባልም፣» አለች ትንሿ፣ እህቷ የተሳሳተችውን ለማረም። «ጋሼ በሉኝ ብሎናል። ስድስት ከረሜላ ነው።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። ደላላው ከቧንቧው አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ላድርግ እህቴ? የሚመጣው ሰው ሁሉ ልጅ ያለበት ሰፈር ይለኛል። ልጁ ሞልቷል፤ ግን ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው፤ ማን አውጥቶ ያሳያል? እኔ ያሉኝ እነዚህ ናቸው። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም።»

«ልጅ ይወረወራል እንዴ?» አለች። «ለካ ሰፈሩን ላሳይሽ እያሉ ሦስቴ ያዞሩኝ ለዚህ ነው!»

«እኛ በአቋራጭ ነዋ!» አለች ትንሿ፣ ደረቷን ነፍታ። «ሁለቱን ቤት ቀድመናችኋል። ልብስም ቀይረን ነው። አሁን ግን ውሻ አባረረን።»

እናትየው መቆጣት ፈለገች። ቁጣው እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ እዚያ ሲደርስ ሳቅ ሆነ። ለመሸሸግ አሳለች።

«እና እናንተ የት ነው የምትኖሩት?»

«እኛ? እሱን ተይው።» ደላላው አንገቱን ደፋ። «መንገዱ ጭቃ ነው። ባጃጅ አይገባም። ጎረቤታችን ጥሩምባ ይማራል፤ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ገና አልቻለም።»

«የሚከራይ የለም?»

«ከእኛ ቀጥሎ ሁለት ክፍል አለ። ሰው ወስጄ አሳይቼ አላውቅም። የአንዱ መስኮት አይከፈትም።» ትንሽ አሰበ። «የሌላው ደግሞ አይዘጋም።»

ከጠዋት ጀምሮ ከአፉ የሰማችው የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር። ሰዓቷን አየች። እዚያ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ልትጠይቀው ስትል፣ ልጇ ከጎኗ እንደሌለች አወቀች።

ልጇ ቧንቧው ጋ ተንበርክካ ቋጠሮውን በጥርሷ እየፈታች ነው። ጠብቆ የታሰረ ነበር፤ በመጨረሻ ለቀቀላት። ጫፉን እጇ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችና ብድግ አለች።

«ጋሼ፣» አለች። ዘጠኝ ቀን የተቀመጠ ድምጿ ትንሽ ሻክሯል። «ከዚያ ይነሱ፤ ገመዱ ይመታዎታል።»

ደላላው ተደናግጦ ተነሳና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ገመዱ መሬቱን አንዴ መታ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተነሳ፤ በአንደኛው ጫፍ ያ ጠመም ያለ ክርን፣ በሌላኛው ጫፍ የልጇ ክርን፣ መሐል ላይ ትንሿ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ወገን እየተዞረላት።