ኔሪስ ቦወን የገዛችው ቤት

ኔሪስ ቦወን ቤቱን የገዛችው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ወሬው የጸሎት ቤት መንገድን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶት ነበር።

ወሬው ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ሴትዮዋ የአካል ጉዳተኛ ድጎማ ትቀበላለች። ሁለተኛ፣ ቤቱን ያለ ባንክ ብድር ባንድ ጊዜ ከፍላ ገዝታለች። በዌልስ ሸለቆዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ባንድ ሰው ላይ የሰማ ጎረቤት ምግብ አይወርድለትም።

እውነቱ ይህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ኔሪስ በምትሠራበት ብስኩት ፋብሪካ የተደራረበ ካርቶን ወገቧ ላይ ተናደ። ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በምርኩዝ ነው፤ ደህና የምትሆንበት ቀን አለ፣ ካልጋ የማትወርድበት ቀን አለ። ፋብሪካው ሲከራከር ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ ታረቀና ካሳ ከፈለ። ጠበቃዋ ወረቀቱን ሲያስረክባት መከራት።

"ገንዘቡን ይዘሽ ብትቀመጪ ድጎማሽ ይቋረጣል። የምትኖሪበት ቤት ከገዛሽበት ግን ማንም አይነካሽም። ብቻ ምንም ሳትደብቂ ለቢሮው አስታውቂ።"

አስታወቀች። ቁጥር አሥራ አራትን የመረጠችው ደረጃ ስለሌለው ነው።

ከፊት ለፊቷ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ አቶ ኤምሪስ ፕሮሰር ይኖራሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሚስት አላገቡም፤ መንደሩ ግን ይሳሳላቸዋል። መንገድ ሲሻገሩ የሥጋ ሻጩ ሚስት ብሮንዌን ክንዳቸውን ትይዛለች። ፖስተኛው ደብዳቤያቸውን በር ላይ ቆሞ ያነብላቸዋል። ጸሎት ቤት ውስጥ የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው፤ መዝሙሩንም ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል።

ኔሪስ በገባችበት ቀን አቶ ፕሮሰር መስኮታቸው ላይ ቆመው አየቻቸውና እጇን አውለበለበችላቸው። እሳቸው ፊታቸውን እንኳ አላነቃነቁም።

"ምን አድርጌያቸው ነው?" ብላ ብሮንዌንን ጠየቀቻት።

"አትቀየሚያቸው፣ የኔ ቆንጆ። ቀርበሽ ካላናገርሻቸው እንደዚያው ናቸው።"

ኔሪስ ኬክ ጋግራ ሄደች።

"አዲሷ ጎረቤትዎ ነኝ። ኔሪስ እባላለሁ።"

"ቤት ገዛሽ አሉ።"

"አዎ፣ ካሳዬን ተቀብዬ።"

"ድጎማውም አልቀረብሽም አሉ።"

"አልቀረም፣ ተመስገን።"

"ታድለሽ" አሉ አቶ ፕሮሰር። "እኔን ያደኸየኝ የወገቤ ጤንነት ነው።"

ኬኩን ተቀብለው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ለድጎማው ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። ስማቸውን አልጠቀሱም፤ ሊያጣራ የመጣ ሰውም የለም። ሁለተኛ ጻፉ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ነገሩ እልህ ሆነባቸው። ስም የሌለው ደብዳቤ የሚገባው ቅርጫት ውስጥ ነው ብለው ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን አሰፈሩ።

"ሐሙስ ዕለት ያለ ምርኩዝ ከበሯ እስከ አጥሯ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዳለች" ይላል ደብዳቤው። "ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ ሰቅላለች። እሑድ ከጸሎት በኋላ አትክልት ቦታዋን ቆፍራለች፤ ያውም እየሳቀች።"

ለኔሪስ ማጣራት እንደሚደረግባት የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት። ወረቀቱን ይዛ ወደ ብሮንዌን ሥጋ ቤት ሄደች።

"ካሳው ቤት ሆኗል፣ ብሮንዌን። ድጎማውን ከከለከሉኝ ግድግዳውን ልብላው? መልሼ መሸጤ ነው።"

"ማነው እንዲህ የጨከነብሽ?"

"መስኮት ያለው ሁሉ።"

ብሮንዌን መንደሩን ቤት በቤት አሰበችው። ከአቶ ፕሮሰር በቀር ያልጠረጠረችው ሰው አልነበረም። ከዳቦ ሻጩ ጋር ተኳረፈች፤ ለመምህሩ ጅማት የበዛበት ሥጋ ቆረጠችለት። አቶ ፕሮሰር በበኩላቸው ኔሪስን መንገድ ላይ ድምጿን ሲሰሙ አስቁመው አጽናኗት።

"አይዞሽ ልጄ። የሰው ክፋት ማለቂያ የለውም።"

በሳምንቱ ወይዘሪት ፓሪ የምትባል መርማሪ ከቢሮው መጣች። ኔሪስ ቤት አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። የካሳውን ስምምነት፣ የቤቱን ውል፣ የሐኪሙን ወረቀት አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መንገዱን ተሻገረች።

አቶ ፕሮሰር ሻይ አፍልተው ጠበቋት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞሩላት።

"እዚህ ሆነሽ ሁሉንም ታገኚያለሽ" አሉ።

"ወንበር ላይ የወጣችው የቱ መስኮት ጋ ነው?"

"በስተግራ ያለው። መጋረጃው አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል ቅጠል አለበት። ጠርዙን ጠማማ አድርጋ ነው የሰፋችው።"

"አልጋ ያመጣላትስ መኪና?"

"ነጭ ነው። የታርጋ ቁጥሩን ይዤዋለሁ። ሾፌሩ ቀይ ጢም ነበረው፤ አንዱ ጫማው አልታሰረም።"

"አጥሯ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ከዚህ ማንበብ ይቻላል?"

"'በሩን መዝጋት አይርሱ' ትላለች። 'መዝጋት' የሚለው ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። የፋብሪካ ሰው ከዚህ በላይ አይጠበቅበትም።"

ወይዘሪት ፓሪ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ የምስክርነት ወረቀቱን አቀረበችላቸው። አቶ ፕሮሰር ጣታቸውን በያንዳንዱ መስመር እያስኬዱ አነበቡ፤ የተሳሳተች አንዲት ቀን አረሙና ከነጠብጣቡ መስመር ሳይወጡ ፈረሙ።

"እንግዲህ መቼ ነው የምትቆርጡባት?"

"ወይዘሮ ቦወን የደበቀችን ነገር የለም። ደህና የምትሆንባቸው ቀኖች እንዳሉም ከመጀመሪያው አስታውቃለች። ጉዳይዋን እዚያው ማዶ ቁጭ ብዬ ዘግቼዋለሁ።"

የአቶ ፕሮሰር ፊት ቀላ።

"ታዲያ እኔን ግማሽ ሰዓት ምን አስለፈለፈሽ?"

ወይዘሪት ፓሪ የፈረሙበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሌላ ዶሴ አወጣች።

"አሁን ደግሞ፣ አቶ ፕሮሰር፣ ዓይነ ስውር ነኝ ብለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተቀበሉት ድጎማ እንነጋገር።"