ከራሱ የማይጨምር አምፕሊፋየር

ልብስ ሰፊው ስለ አምፕሊፋየር ምንም አያውቅም። የሚፈልገውን ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ከአጎቱ የወረሳቸውን ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች የሚያሠራ፣ ከራሱ ግን አንዳች ድምፅ የማይጨምር።

ባለሱቁ የመጀመሪያውን አቀረበ። ቤቱን ያናውጥልሃል አለው። ልብስ ሰፊው ዘፈኑን አስጠፍቶ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ሽሽሽ ይላል። አልፈልግም አለ። ሁለተኛው ሽሽታ የለውም፤ ግን ለጥቂት ደቂቃ ዝም ከተባለ ራሱን ያጠፋል። እሱም ቀረ። ሦስተኛው ገና ሲበራ፣ ብሉቱዝ መክፈቱን ልትናገር ነው መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ከውስጡ በባዕድ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች።

ልብስ ሰፊው ክው አለ። «ይቺን ሴት ዝም ማሰኘት አይቻልም?»

«አይቻልም። ምነው፣ ባለቤትህ ትቀናለች?»

«እናቴ ትሰማለች።»

ባለሱቁ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ዕድሜው አርባ አንድ ነው።

አራተኛው ቁመቱ ከመጽሐፍ አይበልጥም። አንድ ማብሪያ፣ አንድ የድምፅ ቁልፍ፣ አንድ ገመድ፣ በቃ። ልብስ ሰፊው ስልኩን ሰካበትና የቀዳውን ከፈተ። ሱቁን የስፌት መኪና ድምፅ ሞላው። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ መቀስ መሬት ሲወድቅ። ባለሱቁ ሰው ዘፈን ያሰማል እንጂ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ቁርጥ የራሱ ክፍል ነው። ከፍሎ ወጣ።

እናቱ ከሦስት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አምና ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ ተነሺና ተራመጂ ብሏት ነበር። እሷ ግን ዳሌው የሱ አይደለ፣ ምን ቸገረው አለችና አልጋዋ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በግድግዳ በኩል ሆነ። እሱ ክፍሉ ውስጥ ይሰፋል፤ እሷ ከክፍሏ ትጣራለች።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርታ።»

አንድ ቀን ክር ሊገዛ ወጥቶ ቢዘገይ ስታለቅስ ደረሰ። ሁለተኛ አልዘገየም። ከሁለት ወር በፊት፣ ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ አናጢ ምርኩዝ ሠርቶ ያመጣላት ዕለት፣ ሁለቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ቆዩ። ልብስ ሰፊው የሰማው የሷን መልስ ብቻ ነው፤ ልጄን ማን ላይ ጥዬ ትል ነበር። ስለ ሞቷ የምታወራ መሰለው። እስከዚያ እንደማትለቀው ሲያስብ ደግሞ በልቡ ረገማት፤ ወዲያው በራሱ አፈረ።

እንዲህ ታስሮ እያለ ነው የልብስ ቁልፍና ክር የምትሸጠውን ሴት የወደዳት። ሁለት ዓመት ታገሠችው። አሁን ትዕግሥቷ አለቀ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አባቷና ወንድሞቿ ይጠብቁታል፤ ካልመጣ ሁለተኛ ሱቋ ድርሽ እንዳይል ነገረችው። ቀልድ እንዳልሆነ ከፊቷ አይቷል።

ደግነቱ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እናቱ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያስተኛ መድኃኒት እየወሰደች፣ በሩን እንዳይከፍትባት ታዛለች። መልስህን ልስማ፣ መኪናህንም አታቋርጥ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ ትለዋለች። በዚያ ላይ ቅዳሜ አጠራሯ ሥርዓት ይዟል፤ በየአሥር ደቂቃው፣ ዝንፍ ሳይል። እርጅና ነው ብሎ አዘነላት። ለቀረጻው ግን ተመቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፌት ቀዳ፤ በየአሥር ደቂቃውም «አለሁ እማዬ» አለበት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እሷ ተጣርታ እሱ እንደመለሰ፣ ቀረጻውን ከፍቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

እነ ልጅቱ ቤት መልካም አቀባበል ነበር። እሱ ግን ሰውነቱ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም። ብትነሳስ? ብትወድቅስ? ያ አምፕሊፋየር ቢበላሽስ? አንዴ ሳያስበው «አለሁ» አለና የልጅቱ አባት፣ እናያለን፣ የት ትሄዳለህ ብለው ቤቱን አሳቁት። ጨዋታው ረዘመ። አባትየው እሺ ሲሉ፣ ልጃቸው ደስታዋን መደበቅ ሲያቅታት፣ እሱ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ቀረጻው ካለቀ ቆይቷል።

እግሬ አውጪኝ አለ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። እያለቀሰች ይሆን፣ ወድቃ ይሆን እያለ በሯ ላይ ደርሶ እጀታውን ሲይዝ ድምፅዋን ሰማ።

«ልጄ፣ አለህ?»

ደህና ናት። አለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎታል፣ በቃው።

«አልነበርኩም እማዬ። ላገባ ነው።»

እስኪጮህበት፣ እስኪለቀስበት ጠበቀ።

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርታ።»

ቁጣ የለበትም፣ ቅሬታ የለበትም። ልብስ ሰፊው እንደ ሕፃን እንባው ወረደ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስፈራት የኖርኩት በከንቱ ነው ብሎ፣ ሊያቅፋት በሩን ከፈተው።

አልጋው ተነጥፏል፣ ምርኩዙ ጥግ ቆሟል፤ እናቱ የለችም፣ ድምፅዋ የሚወጣው ትራሱ ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ስፒከር ነው።