የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ

የፈሪድ መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ አሁንም ረገበ። ሰሌዳዎቹ እንፋሎት ጠጥተው ሆዳቸውን አንጠልጥለዋል።

«ራህመቶን ልጥራው?» አለች ሚስቱ ቶይባ። ድምጿ ውስጥ ያለው ደስታ ፈሪድን ቆረቆረው።

ራህመቶ ኮርኒስ ሠራተኛ ነው። ጠና ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋታ አዋቂ፤ ለሥራ ሲመጣ እንኳ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል። ፈሪድ ሽንኩርት ሊጭን ወደ ዓለም ጤና በወጣ ቁጥር መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል። ፈሪድ ሲመለስ አዲስ ሰሌዳ ተገጥሞ፣ ቤቱም ሽቶ ሽቶ እያለ ይጠብቀዋል። ቶይባ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

አንድ ጠዋት ጓዳ ሆና በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማት። «ዛሬ መንገድ ይወጣል። ይምጡ።»

ከዚያ በኋላ ግንበኛ ጠራ። ግድግዳውን አስበስቶ አየር ማስወጫ አሠራ። እንፋሎቱ ከወጣ ኮርኒሱ አይረግብም፤ ኮርኒሱ ካልረገበ ራህመቶ አይመጣም። ከመንገድ ሲመለስ ግን ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ አገኘው።

«ማነው የወተፈው?»

ቶይባ መሬት መሬት አየች። አብራቸው የምትኖረው እናቱ ዋፊቃ ፈጥና ጣልቃ ገባች። «ተዋት ልጄ፣ ብርድ እየገባ እኮ ነው።»

በናዝሬት ሙቀት፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ብርድ! እናቱ ለምራቷ ገመና ስትሸፍን መሰለው። በረንዳ ላይ ለብቻዋ ጠብቆ አገኛት።

«እማ፣ ያ ሰውዬ ሲመጣ ከሱ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

«አታስብ» አለችው ሻሿን እያስተካከለች። «ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም።»

ይህ ትንሽ አሳረፈው። ግን አልቆየለትም። ሐሙስ ዕለት ሞጆ ሳይደርስ መኪናውን አዞረ።

በሩ ላይ የራህመቶን ጫማ አየ፤ አጠገቡ የሌሎች ወንዶች ጫማ ተደርድሯል። መሰላል የለም። ሳሎን ውስጥ ራህመቶ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በሁለት ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጧል። ቶይባ የጓዳው በር ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

ሽማግሌ ይዞ ሚስቴን ሊያስፈታኝ! የፈሪድ ዓይን ደም ለበሰ።

«በገዛ ቤቴ? በገዛ ቤቴ!»

ራህመቶ ተነሣ። ላብ ፊቱን አርሶታል፤ ቃሉ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ፈሪድ፣ አባቷም ባሏም በሕይወት ስለሌሉ የምጠይቀው አንተን ነው። እናትህን ዳርልኝ።»