ማን ያነሳቸዋል

«ቤት ሲመለሱ ማን ያነሳቸዋል?» አለች ድሬዳዋ ያደገችው ነርስ በአማርኛ፣ ብዕሯን ቅጹ ላይ አሳርፋ። ሰብሪያ ደነገጠች። አባቷ ግራ ጎናቸው ከድቷቸው ሆስፒታል የገቡት በዚያው ጠዋት ነበር። ገና ከአሁኑ ስለ ቤት የሚጠየቀው፣ ሃርጌሳ ውስጥ ዘመድ የሌለውን ስደተኛ ለይቶ ለማስወጣት መሰላት። እሷ ለግንበኞች ምግብ ስታበስል ስትውል፣ አባቷ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ክፍላቸው ብቻቸውን ነበር የሚውሉት።

«ወንድሞቼ አሉ» አለች። «ሀይደርና ሙአዝ።»

ነርሷ ሁለቱን ስሞች ጽፋ ወደሚቀጥለው አልጋ ልትዞር ስትል፣ ሽማግሌው በደህና እጃቸው የጋዋኗን ጫፍ ጨበጡ። ከንፈራቸው እየተጣመመ፣ «ልጄ፣ ሁለቱንም ቀብሬያቸዋለሁ» አሉ። «የሞተ ሰው አያነሳኝም።»

«አባዬ፣ በአላህ ዝም ይበሉ! ያስወጡናል» አለች ሰብሪያ።

«አብሽሪ፣ ማንም አያስወጣችሁም» አለች ነርሷ። «የምጠይቀው ቤታቸው ሰው የሌላቸውን ለይቼ፣ ለመውጫቸው ከዛሬ ጀምሬ ላዘጋጃቸው ብዬ ነው።» ስሞቹን ሰረዘች። «ታዲያ ማንን ልጻፍ?»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ሥራዋን ትታ አጠገባቸው ተቀምጣ ስትቀር ታየቻቸው።

«ማንንም አትጻፊ» አሉ። «መነሳቱን እኔኑ አስተምሪኝ።»