ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ቤት

"ወላሂ ኦርጅናል ናት!" አልኳቸው…

ዋሸሁ። ፎርጅድ መሆኗን እያወቅኩ ነው የማልኩት።

የዚህ ገጽ አድሚን ነኝ። የሰው ታሪክ ስለጥፍላችሁ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ የራሴን ነው። ስማችንን ሁሉ ቀይሬዋለሁ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። አሪፋ በሉኝ። ሐይቅ ከተማ ከዓረብ አገር የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ እሸጣለሁ… ስልክ፣ ሰዓት፣ የልጆች ጌም።

ያን ቀን የመጡት ጋሽ ኑርሁሴን ነበሩ። ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሰው ናቸው።

ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ የእጅ ጌም አወጡ።

"አሪፋ ልጄ፣ ለዚች የምትሆን ካሴት አለሽ? ያችን የቤት መሥሪያዋን ጨዋታ።"

"ጋሽዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጌም ጀመሩ እንዴ?"

"እኔንማ ዓሣውም እያሸነፈኝ ነው!" ብለው ሳቁ። "ለዙለይሃ ነው።"

ሳቄ ጠፋ።

የልጃቸውን የዙለይሃን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስምንት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ፣ ቤት እንዲሠራላት ለወንድሟ ስትልክ ኖረች። ስትመለስ ቦታው ላይ ያገኘችው ሣር ብቻ ነው። ወንድሟም የለም።

ከዚያ ወዲህ ከአባቷ በቀር ሰው ማናገር ተወች…

የሚያረጋጋት አንድ ነገር ነበር። ያሳደገቻት የአሠሪዋ ልጅ ስትሰናበታት የሰጠቻት ጌም። ጨዋታው ውስጥ ዛፍ ይቆረጣል፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ ቀስ በቀስ ቤት ይቆማል።

ካሴቷ ግን ከባጃጅ ወድቃ ጠፋች። ዙለይሃም እህል ውሃ እምቢ አለች።

"ለአረፋ ያሰርኩትን በግ ሸጬ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ብቻ ኦርጅናል ትሁን። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

አዎ፣ አውቀዋለሁ…

የኦርጅናሏ ስቲከር ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ የፎርጅዷ ደብዘዝ ይላል። የኦርጅናሏ ብሎን ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ የፎርጅዷ ተራ ብሎን። ፎርጅዷ ስትነሳ ቅልል ትላለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ እኔ ዘንድ የነበረችው ዓይነት ሴቭ አታደርግም። ጌሙ ሲጠፋ የተሠራውን ሁሉ ትረሳለች።

"የለኝም" ብል ምን ነበረበት?

"ወላሂ" አልኩ።

ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየጁሙዓው፣ ከሶላት መልስ፣ ዓሣ ይዘውልኝ መምጣት ጀመሩ።

"ልጄን አተረፍሽልኝ! እህል ቀመሰች እኮ! አላህ ያንቺንም ቤት ያቁመው!"

ዓሣውን ጠብሼ በላሁት…

በሦስተኛው ወር ገደማ "ቤቱ አላለቀም?" ብዬ ለጨዋታ ያህል ጠየቅኳቸው።

"ጠዋት ጠዋት 'ቤትሽ አለ?' እላታለሁ። 'አለ አባ' ትለኛለች። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር ያችኑ የመጀመሪያዋን ዛፍ ስትቆርጥ ነው የማገኛት። ታታሪ ናት የኔ ልጅ!"

ያ አላህ…

ወንድሟ አንዴ ያደረገባትን እኔ በየቀኑ ሳደርግባት ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ደሴ ሄድኩ። የለም። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆችን በየቤታቸው ዞርኩ። የለም። መጨረሻ ላይ ውጫሌ፣ ሀሚዱ የሚባል ተመላሽ ዘንድ ተገኘች።

ብሎኗን አየሁ። ስቲከሯን አየሁ። ተጫውቼ ሴቭ አደረግኩ፣ አጥፍቼ ቆየሁ፣ ከፈትኩ…

አለ!

"እህቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትገዢው?" ብሎ ሀሚዱ ሳቀብኝ። "ወላሂ ኦርጅ…"

"አትማልልኝ!" ብዬ ጮህኩበት።

ጋሽ ኑርሁሴን ሐይቁ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ዙለይሃ ደጅ ተቀምጣለች። ካሴቷን ዘረጋሁላት።

ገልበጥ አድርጋ ብሎኗን አየች። ስቲከሯን በጥፍሯ ዳበሰች። በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነቻት።

"ይቺስ ኦርጅናል ናት" አለች።



"ትለያለሽ እንዴ?"

"ስምንት ዓመት የሰው ልጆች ሳሳድግ ጌም የምገዛላቸው እኔ ነበርኩ። የፊተኛዋንም አባ እጄ ላይ እንዳስቀመጣት ነው የለየኋት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"በጉን ሸጦ እየሳቀ ገባ። 'አሪፋ በወላሂ ነው የሰጠችኝ' አለኝ። ምን ልበለው እቴ? በገዛ ልጁ ተታሏል… ባንቺም ተታለልክ ልበለው?"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"አብሽሪ። ለአባ ግን እንዳትነግሪው። ከኔ ሌላ የሚያምነው አንቺን ብቻ ነው።"

ባለፈው ጁሙዓ ጋሽ ኑርሁሴን ዓሣቸውን ይዘው መጡ።

"ቤቱስ?" አልኳቸው።

"አለ ትላለች።"

እውነቷን ይሁን ወይስ እንደ ድሮው ለሳቸው ብላ… አላውቅም። ሄጄ ለማየትም አልደፈርኩም።

ወዳጆቼ፣ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ብሎኑን እዩ፣ ስቲከሩን እዩ፣ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ክፈቱ። የምንሸጥ ሰዎች ግን እንፍራ። ፎርጅድ ካሴት በኦርጅናል ይተካል… ፎርጅድ ወላሂ በምን ይተካል?

እናንተ ብትሆኑ ለጋሽ ኑርሁሴን እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? ወይስ እንደ እኔ በየጁሙዓው ዓሣውን እየተቀበላችሁ ዝም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምሬን ነው የምጠይቃችሁ።

የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁን ነው አፉ በለኝ ብሎ ይቅርታ የሚለምነው። እኔ ባለሐቄን እንዳልለምን ለዙለይሃ የገባሁት ቃል አስሮኛል፤ ስማችንን የቀየርኩትም እሳቸው ጆሮ እንዳይደርስ ነው። ከሱቄ በእንዲህ ያለ ወላሂ የገዛችሁ ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ ትኖሩ ይሆናል… ስሜ ቢቀየርም ታውቁኛላችሁ።

እባካችሁ፣ አፉ በሉኝ።